በግራ ገጽ የፈረንጅ ዘፈን፣ በቀኝ ገጽ መንዙማ

ሰላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ አባቴን ያስጠሩብኝ ግን እንደ ሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠርቶኝ «አባትሽ ቢመጡ ነገሩ በቀላሉ ያልቃል» ሲለኝ መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ቤት ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። የሸዋሮቢትን የግንቦት ሙቀት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ችዬ የተማሪ ደብተር አርሜያለሁ። ጥፋቴ ግን በአባቴ በኩል እንዲታይ ተፈለገ። ጥፋቴም ይሄ ነው፦ ለተማሪዎቼ አንድ የድሮ የፈረንጅ ዘፈን አሰማሁ፤ ዘፈኑ ውስጥ ዕፅ አለ፤ እንዳለ ደግሞ አውቅ ነበር።

ዘፈኑን ማሰማቴን ይቅር ሊሉኝ ዝግጁ ነበሩ። ማወቄን ነው ያልቻሉት።

ከዘፈኑ ጋር የተዋወቅሁት ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። በዋናው መንገድ ዳር፣ የጭነት መኪኖች ለምሳ በሚቆሙበት በኩል፣ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። አንድ ሾፌር ረስቶት የሄደ ካሴት ነበረው፤ ቴፕ በጠገነ ቁጥር መሥራቱን የሚሞክረው በሱ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ እሱ በር ላይ ቆሜ ጊታሩን እሰማለሁ። ድምፁ ወደ ፊት የሚሄድ አይመስልም፤ ከመጨረሻው ተነስቶ ወደ መጀመሪያው የሚሳብ ነገር ነበር። ከዓመታት በኋላ ሳነብ፣ እውነትም ያኔ የነበሩት ፈረንጆች የቴፑን ክር ገልብጠው ያጫውቱት እንደነበር አወቅሁ። ያኔ ግን ጆሮዬ የታመመ ነበር የመሰለኝ። ደስ የሚል ሕመም።

ቃላቱን በፊደላችን፣ እንደሰማኋቸው፣ ደብተሬ ላይ ገለበጥኳቸው። አንዱንም ሳልረዳ በቃሌ ያዝኩት። የዓመቱ መዝጊያ በዓል ላይ «እንግሊዝኛ የሚያቀርብ» ሲባል እጄን አወጣሁ። ወላጆች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አባቴም ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ከመሐላቸው አሉ። ዘፈንኩ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የክብር እንግዳ እስኪያለቅስ ሳቀ። ስጨርስ በማይክራፎኑ «የምትዘፍኚው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩ። «ሰውን ስለሚያሳብድ ዕፅ ነው!» አለና ግቢው በሳቅ ተናጋ። አባቴ አልሳቁም፤ ስለዚያ ቀንም አንድ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። እኔ ግን ክረምቱን ሙሉ ያንን «አላውቅም» ያልኩትን ድምፄን ስሰማው ከረምኩ። እንደዚያ ቀን የተዋረድኩበት ቀን የለም። የማላውቀውን ቃል ዳግመኛ ከአፌ ላላወጣ የወሰንኩት ያኔ ነው።

የጣርማ በርን ዳገት አልፌ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ስገባ፣ ብርዱን ሸሽቼ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ክፍል እውል ነበር። መጀመሪያ የፈለግሁት የዚያን ዘፈን ትርጉም ነው። አንዱ ሌላውን እየመራ ብዙ አነበብኩ። በፈረንጆቹ ስልሳዎቹ ከነበሩት ዘፋኞች ጥቂት የማይባሉት አንዲት ትንሽ ነገር ይውጣሉ፤ ከዚያ ቀለም ይሰማቸዋል፣ ድምፅ ይታያቸዋል፣ ግድግዳው ይተነፍስላቸዋል። ያዩትን በግልጽ ቢዘፍኑ ሬዲዮ አይከፈትላቸውም። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሄዱ፤ ስለ ጉዞ፣ ስለ ሰማይ፣ ስለ በር አወሩ። የሬዲዮ አለቆች ደግሞ ቃል በቃል እየበረበሩ «ይሄ ዕፅ ነው» ብለው አገዱ። ዘፋኞቹ ሲጠየቁ «ስለ ሕልም ነው እኮ» ይላሉ። ገሚሱ እውነቱን ነው፤ ገሚሱ ይዋሻል፤ ሰሚው ያውቃል።

እኔ ዕፁን አይደለም የወደድኩት። የሚቃመው ቅጠል እንኳ አፌ ገብቶ አያውቅም፤ የቆላ ሰው ይሄን ሲሰማ ያዝንልኛል። የወደድኩት ቃል ሲደበቅ የሚያሳየውን ብልሃት ነው። በደህና ቀን የተጻፈ ሰዋስው የማያስተምረውን ያስተምራል። እንግሊዝኛ የማንንም የሆድ ነገር መያዝ የሚችል ቋንቋ መሆኑን ያመንኩት በዚያ ነው።

አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ የሐሙስ ከሰዓት የእንግሊዝኛ ክበብ አቋቋምኩ። ሃያ ሁለት ተማሪዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች። በመደበኛው ክፍል አንገታቸውን ደፍተው የሚገለብጡ ልጆች ሐሙስ ሐሙስ ይጠይቃሉ። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እኛ ጋ ሴት ልጅ ጥያቄ ካበዛች «ይቺ ደግሞ ምላሷ» ነው የምትባለው። የዚያች ሐሙስ ሰዓት ለነሱ ምን እንደነበረች እኔ ነኝ የማውቀው፤ ለኔ ምን እንደነበረችም።

አንድ ሐሙስ ስልኬን ከትንሽ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቼ ያንን ዘፈን ከፈትኩላቸው። ቃላቱን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ሰውዬው ሰማይ ተከፈተልኝ ይላል፤ ሩቅ ያሉት ቀረቡኝ ይላል፤ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሄደ ይላል። ከኋላ ከተቀመጡት አንዷ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ ምን ቅሞ ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ሌላ አገር ያለ ተማሪ ይሄን ጥያቄ አይጠይቅም። ይፋት ያደገ ልጅ ግን ከአሱር ሶላት በኋላ የአባቱ ምላስ ሲፈታ፣ ዝምተኛው አጎቱ ተናጋሪ ሲሆን፣ ከሰዓታት በኋላ ደግሞ ሁሉም ዝም ብለው ግድግዳ ሲያዩ እያየ ነው ያደገው። ምርቃና ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ስለዚህ አንድ ሰው ሰማይ ተከፈተልኝ ሲል መጀመሪያ የሚመጣበት ሰውዬው ጉንጭ ውስጥ ምን እንዳለ ነው። ልጅቷ በአንዲት ጥያቄ የነዚያን የሬዲዮ አለቆች ሥራ ሁሉ ሠርታዋለች።

«ዝም በይ» ማለት እችል ነበር። እኔ ግን መለስኩላት። ምን እንደዋጠ ነገርኳቸው፤ ብዙዎቹን ምን እንዳደረጋቸውም፣ አእምሯቸው ሳይመለስ የቀሩ እንዳሉም አልደበቅሁም። ከዚያ የቤት ሥራ ሰጠሁ፦ ቅጠሉን ስሙን ሳይጠሩ የሚያወሱ ግጥሞች ከየቤታችሁ ሰብስቡ፣ ከዘፈኑ ጋር አስተያዩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ያመጡትን ብታዩ። ማሾ ሲወቃ የሚባል አለ። ግመል ነጂ ብቻውን ሲሄድ የሚያንጎራጉረው አለ። ከሁሉ የበለጠችው ግን የአንዷ ደብተር ነበረች። በግራ ገጽ የፈረንጁን ዘፈን ጽፋለች፤ በቀኝ ገጽ አያቷ ይሉት የነበረውን መንዙማ። መንዙማው ከአሱር በኋላ ስለምትመጣ አረንጓዴ እንግዳ ነው፤ ስትመጣ ሰማይ ይከፈታል፣ ሩቅ ያሉት ወዳጆች ይቀርባሉ ይላል። ልጅቷ ከግራው «ሰማይ» ወደ ቀኙ «ሰማይ» በእስክሪብቶ መስመር አስምራለች። ከታች ደግሞ በራሷ እንግሊዝኛ፣ ፈረንጁ የተከፈተውን ሰማይ ዝም ብሎ ያያል፣ አያቴ ግን የተከፈተው ሰማይ ውስጥ ፈጣሪያቸውን ይለምናሉ፣ ልዩነታቸው ይሄ ነው ብላለች። በቀይ አሥር ከአሥር ሰጠኋት። ዛሬም ብትመጣ አሥር ከአሥር ነው የምሰጣት።

ያንን ቀይ አሥር አባቷ አየው። አባቷ የማሾ ነጋዴ ነው፤ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢም እሱ ነው። ሟቹ አባቱ በይፋት ቆላ ስማቸው የታወቀ የመንዙማ ሰው ነበሩ፤ ያረፉበት ቦታ ዛሬም ይዘየራል። ሴት ልጁ ያንን ስንኝ ከአንድ ጸጉራም የፈረንጅ ዕፀኛ ጎን አስቀምጣ፣ ከላይ «ዕፅ በዘፈን ውስጥ» የሚል ርዕስ ሰጥታ ሲያይ ምን እንደተሰማው መገመት አያቅተኝም። ተናዶ ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ተጎድቶም ነበር። ግን ወደ እኔ አልመጣም። ደብተሩን ይዞ ወደ ርዕሰ መምህሩ ሄደ።

ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም። ደብዳቤውን ራሱ አርቅቆ ጠበቀኝ። «የዘፈኑን ትርጉም ባለማወቄ» ይላል፤ እዚያች ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ፈርሚና ክበብሽን ቀጥይ» አለኝ።

«አውቅ ነበር እኮ።»

«ማወቅሽን ማን ጠየቀሽ?»

ይሄን ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት ይከብዳል። እኛ ጋ ሽምግልና ሲቀመጥ ሽማግሌዎቹ አስቀድመው ለጥፋተኛው መውጫ መንገድ ያበጁለታል፤ መንገዱም ሁልጊዜ አንድ ነው። «ባለማወቅ ነው» ይባላል። በጠራራ ፀሐይ ከብቱን የሰው ማሽላ ውስጥ የለቀቀ ሰው «አላወቅሁም» ይላል። ማወቁን ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ፤ ማወቃቸውን እሱም ያውቃል። ከዚያ እጅ ለዱአ ይነሳና ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል። ይሄን ልማድ አልንቀውም፤ ስንት ደም አድርቋል። ነገር ግን ወንድ «አላወቅሁም» ሲል ጨዋነት ይባልለታል። እኔ ስል ግን ይታመናል። ሴት ናት፣ የፈረንጅ አፍ አወቅሁ ብላ የማታውቀውን ነው የከፈተችው ይባላል፣ ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው ልጅም ትሰማለች። አልፈርምም አልኩ። አባቴን የጠሩት ያኔ ነው።

አባቴ ካራቆሬ አካባቢ ካለው ማሳቸው ተነስተው ቅዳሜ በሚኒባስ መጡ። ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ኒም ዛፉ ሥር፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። ኮሚቴው ሰባት ሰው ነው፤ ሰዓቱ ከአሱር በኋላ ስለሆነ ሦስቱ ጉንጫቸው ሞልቷል፤ ከእግራቸው ሥር የውሃ ጠርሙስ አለ። ስለ ዕፅ ሊጠይቁኝ ነው እንግዲህ። ሳቄ መጥቶብኝ በነጠላዬ ጫፍ አፌን ያዝኩ፤ ሐፍረት መስሏቸው ደስ አላቸው።

ከአባቴ ጋር ብዙ ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ዝናቡ፣ ግመሎቹ፣ ማሾው እንዴት ነው ተባለ። ከዚያ ስለ እኔ ከአባቴ ጋር ማውራት ጀመሩ። እኔ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጫለሁ።

«ልጅዎ ጨዋ ናት» አለ ሰብሳቢው። «በሥራዋም አንወቅሳትም። የፈረንጅ ነገር ሆኖባት፣ ሳታውቀው ገብታበት ነው። የአባቴን ቃል ግን ከምን ጎን እንዳስጻፈች ይስሙ።» ደብተሩን ገልጦ ቀኙን ገጽ ጮክ ብሎ አነበበ። ድምፁ ስለ አረንጓዴዋ እንግዳ ሲያነብ ራሱ ዜማ ገባበት፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳያስቡት ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴ መሬት መሬት ያያሉ። ሲጨርስ ደብተሩን በቀስታ ዘጋው። «አባቴ አላህን የለመነበት ነው፤ ወላሂ ዕፅ አይደለም» አለ። ድምፁ ትንሽ ተሰበረ።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አላወቅሁም በይ። አንዲት ቃል ናት፤ ከዚያ ዱአ አድርገን እንነሳለን።»

ከሰባቱ ማንም ቢለኝ ቁጣዬ ያግዘኝ ነበር። አባቴ ሲሉኝ ግን ቁጣዬ ከዳኝ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ ለእኔ ብለው፣ በሚኒባስ ተጨናንቀው መጥተው ነው የሚለምኑኝ።

«አባ፣ አውቄ ነው» አልኩ።

ወደ ኮሚቴው ዞሬ ቀጠልኩ።

«ዘፈኑ ስለ ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ለልጆቹም አስረድቻለሁ፤ ጉዳቱንም ጭምር። ለአንድ ነገር ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የየቤቱን ቃል አባቶችን ሳላስፈቅድ ማስጻፌ ስሕተት ነው። እሱን ለወጉ ሳይሆን በእውነት ይቅር በሉኝ። አላወቅሁም ግን አልልም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉንጩን በውሃ አርሶ «ቅጠሉ ዕፅ ነው እያልሽን ነው?» አለኝ።

«እኔ አላልኩም። ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩት ነው ያልኩት። የእርስዎ ልጅም አይታ ልዩነቱን ጽፋለች» አልኩ፤ ወደ ሰብሳቢው ዞሬ። «የታችኛውን አላነበቡትም። ያንብቡት። አባትዎን ያከበረቻቸው እሷ ናት።»

«እንግሊዝኛውን?» አለ።

«ላንብብልዎ?»

ደብተሩን ደረቱ ላይ አድርጎ ያዘው። አልሰጠኝም። እንግሊዝኛውን ማንበብ አለመቻሉን ያ ሁሉ ሰው ፊት እንዳጋለጥኩበት የገባኝ ዘግይቶ ነው። እሱን ሆን ብዬ አይደለም፤ ቢሆንም ልመልሰው አልቻልኩም።

ይቅርታዬ አልተወሰደም፤ የፈለጉት ይቅርታ እሱ አልነበረማ። ክበቡ ለጊዜው እንዲዘጋ፣ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍልኝ ተወሰነ። ሽምግልና ያለ ዱአ አይበተንምና እጆች ተነሱ። ዱአውን ያደረገው ሰብሳቢው ነው። «ያረቢ፣ ባለማወቅ ያጠፋችውን ማርልን» አለ። ሁሉም «አሚን» አሉ። እኔ እጄን ጉልበቴ ላይ እንዳደረግሁ ቀረሁ። አባቴ «አሚን» አሉ። ከዚያ ቀን ሁሉ የጎዳኝ እሱ ነው፤ ከደብዳቤውም፣ ከክበቡም በላይ።

ወደ መናኸሪያው ባጃጅ ያዝን። አባቴ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው መንገዱን ያያሉ። የኔም ንዴት አልበረደም። ሽንኩርት የጫኑ መኪኖች አልፈውን ይሄዳሉ፤ አቧራው ገብቶ ሁለታችንንም አሳለን። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ድንገት፦

«አንድ ስንኝ ጎድሎታል» አሉኝ።

«ምኑ?»

«ያነበበው። አባቱ ዘንድ በወጣትነቴ ድቤ እመታ ነበር። መጨረሻው እዚያ ጋ አይደለም። የተውባዋን፣ የጸጸቷን ስንኝ፣ ትተዋታል። የሰውዬው ልጆች ናቸው ያወጧት፤ እሳቸው ካለፉ በኋላ።»

«ምን ትላለች?»

ባለ ባጃጁ የከፈተውን ሙዚቃ እንዲቀንስ በዱላቸው ጫፍ ወንበሩን ነካ አደረጉት። ከዚያ በዜማ ሳይሆን ዝም ብለው እንደሚነገር ነገር አሉት፦

ማሽላዬን ግሪሳ ሲጨርሰው አየሁ፤
በእጄ ቅጠል ይዤ ወንጭፌን የት ጣልሁ።

የአንድ ክረምት ማሽላቸው በሙሉ በወፍ አልቆ፣ ቤተሰቡ የዘመድ ጥገኛ ሆኖ እንደነበር ነገሩኝ። ሰውዬው ያንን ስንኝ ሲሉ ያለቅሱ ነበር፤ ድቤው ይቆማል፤ እስኪረጋጉ ይጠበቃል። ልጃቸው፣ ዛሬ የኮሚቴ ሰብሳቢ የሆነው፣ ያኔ እዚያው የሚላላክ ልጅ ነበር፤ ሰምቶታል።

«ሲያነብ ቆሜ መናገር ነበረብኝ» አሉ። «አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ አባ?»

«አላወቅሁም ማለት ይቀላላ።»

ወደ እኔ አላዩም። ስልኬን አውጥቼ ስንኟን ጻፍኩ። አንዴ አስደገምኳቸው፤ ሁለተኛውን መስመር ተሳስቼ ስለነበር አረሙኝ። መናኸሪያው ስንደርስ የካራቆሬ ሚኒባስ ረዳት እየጮኸ ነበር፤ አባቴ ለመውረድ አንድ እግራቸውን አወጡ።

«አባ፣ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ» አልኳቸው። «ክበብ ባይኖርም እነግራቸዋለሁ። ማን ነገረሽ ቢሉኝስ?»

ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

«አባቴ በይ።»